የቱ ላይ ልሰካው? የኮምፒውተር የድምፅ ቀዳዳዎችን አውቆ ለመምረጥ

አክስቴ ጅዳ በኖረችባቸው ዓመታት ደብዳቤ አትጽፍም ነበር። ድምፅዋን ካሴት ላይ ቀርጻ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ሰው ትሰጣለች። ካሴቱ ሲደርስ ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይቀመጣል። እናቴ ታለቅሳለች። አያቴ ደግሞ ልጃቸው አጠገባቸው ያለች ይመስል "አሜን፣ አሜን" እያሉ ይመልሱላታል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከካሴቶቹ መሃል አንዱ የእሳቸው መልስ ሆኖ ተገኘ። ቀርጸውት ነበር፤ የሚወስድላቸው ሰው ግን ሳያገኙ ቀርተዋል።

ያንን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልገለብጥ ተነሳሁ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ኬብል አውጥቼ ዴስክቶፑ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ቀዳዳ ውስጥ ሰካሁት። ልክክ አለ። ድምፅም ገባ። ግን የአያቴ ድምፅ ከተቀደደ ስፒከር የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ጮክ ባሉ ቁጥር ይሰነጠቃል። ኬብል ቀየርኩ፤ አልተሻለም። አንድ ሱቅ ወስጄ ሳሳይ "ካሴቱ አርጅቷል" ተባልኩ። አመንኩና ተውኩት። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ኬብል አጠገቡ ወዳለው ሰማያዊ ቀዳዳ አዛወርኩት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ካሴቱ ምንም አልሆነም ነበር። እኔ የሰካሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

የኮምፒውተር የድምፅ ቀዳዳዎች አብዛኞቹ መጠናቸው አንድ ነው፣ 3.5 ሚሊሜትር። ስለዚህ ያለቦታው የተሰካም ይገጥማል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ድምፅ ይሰጣል፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ድምፁ እየገባ ነው ወይስ እየወጣ? በሽቦው የሚመጣው ድምፅስ ምን ያህል ጉልበት አለው? እነዚህን ሁለቱን የመለሰ ሰው ምርጫው ይቀለዋል።

ሮዝ ወይስ ሰማያዊ?

ቀለሞቹ እንዲሁ ለማማር የተቀቡ አይደሉም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ፒሲ 99 የተባለ መመሪያ አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ዴስክቶፕ ይህንኑ ይከተላል። ሮዝ ማይክ ነው። ሰማያዊ ላይን ኢን ነው፤ ማለትም ከሌላ ማጫወቻ የሚመጣ ድምፅ መግቢያ። አረንጓዴ መውጫ ነው፤ ስፒከርም የጆሮ ማዳመጫም እዚያ ይሰካል። ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ከተጨመሩ ደግሞ ባለ ብዙ ስፒከር የፊልም ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ናቸው። ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ሰው እነሱን አይነካቸውም።

ትልቁ ልዩነት ያለው በሮዝና በሰማያዊ መካከል ነው። ማይክ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ በሚሊቮልት የሚቆጠር። ስለዚህ ሮዙ ቀዳዳ የሚመጣለትን ሁሉ ብዙ እጥፍ ያጎላል። ከቴፕ፣ ከዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ግን አስቀድሞ ጎልብቶ ነው የሚመጣው። በቤት ዕቃዎች ወደ 0.3 ቮልት ገደማ ነው፤ ከማይኩ ጋር ሲነጻጸር 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህንን ሮዙ ላይ ስትሰኩት በላዩ ላይ እንደገና ይጎላል። ያኔ የድምፁ ጫፍና ጫፍ ይቆረጣል፤ ያ መሰንጠቅ ከዚያ ይመጣል። አንዴ እንዲህ ሆኖ የተቀረጸ ድምፅ በኋላ በየትኛውም ፕሮግራም በደንብ አይጠገንም። የተቆረጠው ፋይሉ ውስጥ የለምና።

ሌሎች ልዩነቶችም አሉ። ሮዙ ቀዳዳ ለትንንሽ የኮምፒውተር ማይኮች የምታስፈልግ ጥቂት ቮልት ራሱ ይልካል። ብዙ ጊዜም ሞኖ ነው፤ የግራና የቀኙን ለይቶ አይቀርጽም። ሰማያዊው ስቴሪዮ ነው፤ ቮልትም አይልክም። በተገላቢጦሽ ማይክ ሰማያዊው ላይ ብትሰኩ የምትሰሙት ወይ ምንም ነው ወይ እንደ ሹክሹክታ የቀጠነ ድምፅ ነው። ማይኩ የተበላሸ ይመስላችኋል፤ ይሄኔ መጀመሪያ የተሰካበትን ቦታ እዩ።

እንግዲህ የቤተሰብ ካሴት፣ የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ድምፅ ወይም በአምፕሊፋየር በኩል የሚመጣ የሸክላ ሙዚቃ ልትገለብጡ ከሆነ ምርጫው ያለ ጥርጥር ሰማያዊው ነው። ቴፓችሁ ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ከዚያ አውጡ። ከዚያ የሚወጣው መጠኑ የተወሰነ ስለሆነ ድምፅ መጨመሪያውን ብታዞሩም አይለወጥም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ ድምፁን መሃል አካባቢ አድርጉና ኮምፒውተሩ ላይ መለኪያው ቀዩን እንዳይነካ እያያችሁ አስተካክሉ። የቴፑን ራስ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጉት፤ የዓመታት ቡናማ ዱቄት ይወጣል፣ ድምፁም ይከፈታል። ለመቅረጽ ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ44.1 ኪሎ ኸርዝና በ16 ቢት፣ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 635 ሜጋባይት ይይዛል። ዋናውን ሳትጨምቁ አስቀምጡ፤ ለመላክ ብቻ ኤምፒ3 አድርጉት።

የአያቴን መልስ እንዲህ ነው ለአክስቴ በቴሌግራም የላክሁላት። ሦስት ቀን አልከፈተችውም። ከከፈተችው በኋላ ደውላ ብዙ አላወራችም።

ላፕቶፕ ያለው ሰውስ?

ላፕቶፕ ላይ ሰማያዊ ቀዳዳ አትፈልጉ፤ በዛሬዎቹ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሷም ማዳመጫና ማይክ ባንድ ላይ ናት። ካሴት መገልበጥ የሚፈልግ የላፕቶፕ ባለቤት ያለው ጥሩ አማራጭ በዩኤስቢ የሚሰካ የድምፅ መቀበያ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሾቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች አብዛኞቹ ያላቸው የማይክ መግቢያ ነው። የምትገዙት ላይ ቀይና ነጭ ቀዳዳ መኖሩን ወይም ላይን ኢን ተብሎ መጻፉን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሌላ አማራጭ ከጠፋ በማይክ መግቢያው መሥራት ይቻላል፤ ግን በጥንቃቄ። ዊንዶውስ ውስጥ ማይክ ቡስት የሚለውን፣ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን፣ ዜሮ አድርጉ። የቴፑን ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። መሰንጠቅ እንደጀመረ መልሱት። ሞኖ መሆኑ አይቀርም። ለንግግር ችግር የለውም፤ ለሙዚቃ ግን ያሳዝናል።

የጃኩን ቀለበቶች ቁጠሩ

የማዳመጫችሁን ጃክ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት። ብረቱን የሚከፋፍሉ ጥቋቁር ወይም ነጫጭ ቀለበቶች አሉ። ሁለት ከሆኑ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ ለግራ፣ ለቀኝና ለመመለሻ ሽቦ። ሦስት ከሆኑ አራተኛው ክፍል ማይክ ነው፤ የስልክ ኢርፎን ማለት ነው።

ባለ ሦስት ቀለበቱን ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት ይሠራል። ቀዳዳው አጠገብ ማይክ ያለው የማዳመጫ ሥዕል ካለ አትጠራጠሩ። ዴስክቶፕ ላይ ግን አረንጓዴው ውስጥ ብትሰኩት እናንተ ትሰማላችሁ እንጂ ሌላው አይሰማችሁም፤ ድምፃችሁ አይሄድም። መፍትሔው አንዱን ጃክ ወደ ሁለት የሚከፍል አጭር ኬብል ነው፤ አንዱ ጫፍ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ ሮዝ። ዋጋው ትንሽ ነው። ለዚህ ብሎ አዲስ ማዳመጫ መግዛት አያስፈልግም።

አንድ የቆየ ጣጣም አለ። ባለ አራት ክፍል ጃኮች ሁለት ዓይነት አሠራር አላቸው፤ ሲቲአይኤና ኦኤምቲፒ ይባላሉ። ልዩነታቸው የማይኩና የመመለሻው ሽቦ ቦታ መቀያየሩ ነው። ዛሬ ያሸነፈው ሲቲአይኤ ነው። ከድሮ ኖኪያ ጋር የመጣ ኢርፎን ግን ኦኤምቲፒ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ይርቃል። የማይኩን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙት ደግሞ ድምፁ ይስተካከላል። እንዲህ ከሆነ ኢርፎኑን አትጣሉት፤ የሁለቱን ሽቦ ቦታ የሚያቀያይር ትንሽ አዳፕተር አለ።

ከፊት ወይስ ከኋላ?

ዴስክቶፕ ከፊትም ከኋላም ቀዳዳ አለው። የኋላዎቹ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። የፊቶቹ በቀጭን ኬብል በሳጥኑ ውስጥ ተጉዘው ነው የሚደርሱት፤ መንገዳቸው ላይ ፋኑም፣ ሃርድ ዲስኩም፣ ፓወር ሰፕላዩም አለ። ማውዝ ስታንቀሳቅሱ "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ ብትሰሙ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቋሚ ስፒከርና የምትቀርጹበት ማይክ ከኋላ ይሁኑ። በየጊዜው የሚሰካና የሚነቀል ማዳመጫ ከፊት ይሁን።

ስለ ቀለሞቹ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ያወጣው ኤችዲ ኦዲዮ የሚባለው አሠራር ከመጣ ወዲህ የአንድን ቀዳዳ ሥራ በሶፍትዌር መቀየር ተችሏል። አንዳንዴ ጃክ ስትሰኩ "ምን ሰካህ?" ብሎ የሚጠይቅ መስኮት የሚመጣው ለዚህ ነው። ሳታነቡ አትዝለሉት። ማይክ ሰክታችሁ "ስፒከር" ብትሉት ኮምፒውተሩ ያምናችኋል፤ ቀዳዳውንም መውጫ ያደርገዋል።

ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር ሲመጣ

ከላፕቶፕ ወደ ቴሌቪዥን ለመሄድ ኤችዲኤምአይ ካለ ሌላ አትፈልጉ። ምስሉንም ድምፁንም ባንድ ሽቦ ይወስዳል፤ 8 ቻናልና ከዚያም በላይ ድምፅ ይችላል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ኬብሉን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ድምፁን ወዲያው ወደዚያ ያዞረዋል። የሰካችሁበት ሞኒተር ስፒከር ከሌለው ጸጥ ይላል፤ ሰው ደግሞ ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ የሚወጣበትን ራሳችሁ ምረጡ።

አሮጌው ሰማያዊ ሰፊ መሰኪያ፣ ቪጂኤ፣ ድምፅ የሚባል ነገር አይወስድም። በስብሰባ አዳራሾችና በትምህርት ቤቶች ፕሮጀክተር ላይ አሁንም አለ። ፊልም ልታሳዩ ሄዳችሁ ድምፅ ብታጡ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከላፕቶፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ አዳራሹ ሚክሰር የሚሄድ ረጅም ኬብል ይዛችሁ ሂዱ።

ኦፕቲካል የሚባለው አራት ማዕዘን ቀዳዳም አለ፤ ውስጡ ቀይ መብራት ይታያል። የቶሺባ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያመጡት ነው። ድምፁ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ስለሚሄድ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ጩኸት በዚያ አይሻገርም። ሳውንድ ባር ወይም የቤት ቴአትር ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሳይጨመቅ ማስተላለፍ የሚችለው ግን ሁለት ቻናል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄደው ተጨምቆ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ካሉ እኔ ኤችዲኤምአይን እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ አንዳንድ የቀድሞ ማክቡኮች የማዳመጫ ቀዳዳቸው ውስጥ ይኸው ብርሃን ነበራቸው። ማዳመጫ ሳይሰካ ከቀዳዳው ቀይ ብርሃን ከታየና ስፒከሩ ዝም ካለ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተጣብቃ ሊሆን ይችላል። ጃኩን ደጋግሞ መሰካትና መንቀል ብዙ ጊዜ ያላቅቃታል።

ዩኤስቢ፦ ለተበላሸ ቀዳዳም ለጥሩ ማይክም

የላፕቶፕ የማዳመጫ ቀዳዳ ቶሎ ይላላል። አንድ ጆሮ ብቻ መስማት ይጀምራል፤ ጃኩን እያጣመሙ መያዝ ይመጣል። ላፕቶፑን ከፍቶ ከማስበየድ በፊት በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ ሞክሩ። ድምፁን የሚሠራው ቺፕ እዚያው ውስጡ ስላለ የላፕቶፑን ቀዳዳ ጭራሽ አይነካውም።

በዩኤስቢ ሲ አዳፕተር ስትገዙ ግን ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ የራሱ ቺፕ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሌላው ሽቦ ብቻ ነው፤ ለአንዳንድ ስልኮች የተሠራ ስለሆነ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ዝም ይላል። በመልክ አይለዩም። የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ስሙ።

ማይክን በተመለከተ፣ ለዩቲዩብ፣ ለትምህርት ወይም ለመጽሐፍ ንባብ ድምፃችሁን የምትቀርጹ ከሆነ የዩኤስቢ ማይክ ከሮዙ ቀዳዳ ማይክ በብዙ ይሻላል። የምትቀርጹት ብቻችሁን ከሆነ እዚያው አቁሙ። ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ላይ የሚያወራ ከሆነ ግን ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለውን ግዙ፤ እያንዳንዱ ማይክ የራሱ መስመር ያገኛል። ለስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይኮች የሚያስፈልገውን 48 ቮልትም ይሰጣል። የአዳራሽና የመድረክ ማይክ በአዳፕተር ወደ ላፕቶፑ ትንሽ ቀዳዳ ለመክተት የሚሞክሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ነው፣ ከድምፁ ሽሽታው ይበልጣል። የእነዚያ ማይኮች ትልቁ ጃክ 6.35 ሚሊሜትር ነው። የዘር ሐረጉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ይነሳል፤ ኦፕሬተሮች ደዋይና ተደዋይን ሲያገናኙ ይሰኩት የነበረው ነው።

ማዳመጫችሁ ላይ 250 ወይም 300 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚል ከተጻፈ እሱም የላፕቶፑ ቀዳዳ አይበቃውም። ድምፁን እስከ ጥግ ብትከፍቱት እንኳ ያንሳል፤ በዩኤስቢ የሚሠራ የማዳመጫ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ከ16 እስከ 32 ኦም የሆነው ተራው ማዳመጫ ግን ምንም አያስፈልገውም።

ብሉቱዝን መቼ?

ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ብሉቱዝ ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ማይኩ ሲከፈት ነው። ዙም ላይ ስትገቡ ኮምፒውተሩ ማዳመጫውን ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀይረዋል፤ የምትሰሙትም ሞኖ ይሆናል፣ ይደፈናልም። ብዙ ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ቤተሰብ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ ባንድ ዙም ተሰብስቦ አንዱ እንደ ድሮ ስልክ ሲሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ "ብሉቱዝ አድርገሃል?" መፍትሔው ቀላል ነው። ዙም ውስጥ ማይኩን የላፕቶፑ አድርጉት፣ መስሚያው ብሉቱዙ ይቀጥል። ብዙ ጊዜ ድምፁ ወዲያው ይመለሳል።

ለመዝፈን፣ ሙዚቃ ለመቅረጽና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ግን ብሉቱዝ አትምረጡ። ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። 0.2 ሰከንድ መዘግየት በጆሮ ትንሽ ትመስላለች፤ ክራር እየመታ ራሱን የሚሰማ ሰው ግን ምቱ ይጠፋበታል። እዚያ ባለ ሽቦው ይሁን።

"እምምም" የሚለው ድምፅ

ትልልቅ ስፒከሮችን ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ ዝቅ ያለ "እምምም" ከተሰማ ቀዳዳ አትቀያይሩ። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ ጸጥ ካለ ችግሩ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። የላፕቶፑና የስፒከሩ ኧርዝ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) በሁለት መንገድ ተገናኝቶ፣ የመስመሩ 50 ኸርዝ በድምፅ ኬብሉ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ሁለቱንም ባንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ እዩ። ካልጠፋ፣ በኬብሉ መሃል የሚገባ ትራንስፎርመር ያለበት ማግለያ አለ፤ ወይም መሣሪያዎቹ ከፈቀዱ በኦፕቲካል ማገናኘት ይቻላል።

ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን ኧርዝ የሚቆርጥ ሰው አለ። እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። እምምምታው ይጠፋ ይሆናል፤ ግን አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ የተላቀቀ ቀን ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ያጣል፣ ማይኩን የጨበጠው ሰው እጅ ላይ ይመጣል። ኧርዝ ያልተዘረጋበት ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነም ለኬብልና ለስፒከር ከመክፈላችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዙን አዘርጉ።